አልቃሻዋ ጠገራ

ገላነሽ ይሄይስ ወረታ ውስጥ ብር ሠሪ ናት። ሱቋ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከልብስ ሰፊው ከያየህ የሚለያት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲያስነጥሰው እሷ «ይማርህ» ትላለች፤ እሷ መዶሻ ስታነሳ ደግሞ እሱ የስፌት መኪናውን ያቆማል፣ መርፌው በንዝረቱ እየሳተበት።

ሴት ብር ሠሪ በፎገራ ሜዳ ብዙ አይታይም። አባቷ አቶ ይሄይስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወናፍ አስያዟት፣ በአሥራ አራት ዓመቷ መዶሻ ሰጧት፣ ሲሞቱም ብር የሚቀጠቅጡበትን መስፍ ከነጉቶው ለሷ ተዉላት። ባል አግብታ ነበር። ሰውየው የሚስቱ እጅ ጥቀርሻ ጥቀርሻ መሽተቱን አልወደደም፤ እሷም መዶሻውን አልተወችም፤ ሳይወልዱ ተለያዩ። ዛሬ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የአንገት መስቀል፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ትሠራለች፤ አገር የሚያውቃት ግን ጠገራ ብር በመለየት ነው። ያችን ጡተ ትልቋን ሴትዮ በአንድ ፊት፣ ባለ ሁለት ራሱን አሞራ በሌላው ፊት የያዘውን አሮጌ ብር መዳፏ ላይ ጣል አድርጎ «እህስ?» የሚላት ሰው ብዙ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይታ ስትናገር ተሳስታ አታውቅም።

ጠገራ ላይ ስላለ ጉድለት አባቷ ያስተማሯት ነገር ሁለት ነበር። ብር ሲወለድ፣ ይሏት ነበር፣ ጥፍጥፉ በሁለት ማተሚያ ብረቶች መካከል ገብቶ በአንድ ኃይለኛ ምት ይደቆሳል፤ ያን ጊዜ እንደ ሊጥ ይፈሳል። ማተሚያው የተሰነጠቀ እንደሆነ ብሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከተወለደ በኋላ ያገኘው ጉዳት ግን ይቧጥጠዋል፣ ይጎደጉደዋል፣ ይደፈጥጠዋል እንጅ ከፍ አያደርገውም። «ጥፍርሽን ሳቢበት፤ ወጥቶ ከወረደ የማተሚያው ነው፣ ገብቶ ከተያዘ የሰው እጅ ነው።»

ሁለተኛው ይህ ነበር፤ የማተሚያ ስሕተት ብቻውን አይመጣም። ያ የተሰነጠቀ ማተሚያ እስኪጣል ድረስ ያተማቸው ብሮች በሙሉ ያንኑ መስመር ይዘው ወደ ዓለም ይወጣሉ። ጉዳት ግን የአንዱ ብቻ ነው፤ ሁለት ብር በአንድ ዓይነት አይጎዳም።

ይህ እውቀት ብዙ ዓመት ከሱቋ አልፎ የሄደበት ጊዜ አልነበረም። ዓምና ከፋሲካ በኋላ ግን በስልክ አንድ ወሬ ተነዛ። ሲታተም የተሳሳተ ሳንቲም ያለው ሰው በግማሽ ሚሊዮን እንደሚሸጠው የሚናገር ሰውዬ በየሰዉ ስልክ ይታይ ጀመር። ወረታ ተገለባበጠች። የባጃጅ ነጅው፣ የሩዝ መፈልፈያው ሠራተኛ፣ ቄጠማ ሻጯ ሳትቀር በጨርቅ የቋጠረችውን ሳንቲም ይዛ ገላነሽ ዘንድ ተሰለፈች። የከፋው ደግሞ ቆይቶ መጣ። እንዲህ ያለ ሳንቲም ያጣ ሰው ራሱ መሥራት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ያለው ጎረምሳ ፊቱ ላይ አንበሳው ተገልብጦ የጎደጎደበት ሳንቲም ይዞ መጣና «ይሄስ? ይሄ እንኳ ከፋብሪካው ነው» አላት።

ገላነሽ በማጉያዋ አንዴ አይታ መለሰችለት። «ሁለት ሳንቲም ደራርበህ በሞርሳ አጥብቀሃቸዋል። በዚህ በኩል አንበሳውን ስታስገባበት በዚያ በኩል ያለውን ጽሑፍ ደፍጥጠኸዋል። ማተሚያ ቢሆን ሁለቱንም ፊት ባንድ ጊዜ ይሠራው ነበር።»

«ማን ያውቅብኛል?»

«እኔ አወቅሁብህ አይደል?»

ጎረምሳው ሳንቲሙን ነጥቋት ወጣ። እንዲህ ተስፋቸውን ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች በረከቱ። ሰላምታ የነፈጓት ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቋን ስትከፍት በሩ ላይ የሞተ ቁራ ታስሮ አገኘች። ፈትታ ጣለችውና ለማንም አልተናገረችም።

ነሐሴ ሲጋመስ የጠፋው ሰው ወሬ መጣ።

ባየህ ይባላል፤ ከይፋግ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው። እኅቱ አምሳል ከእናቷ የወረሰችው ጠገራ ነበራት፤ ለዓመት በዓል አንገቷ ላይ የምታደርገው። ማንጠልጠያው ተሰብሮ ስለነበር ባየህ «ወረታ ስወርድ ለገላነሽ ሰጥቼ አስበይድልሻለሁ» ብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረላት። ያን ሰሞን መንገድ ሁለት ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን መዘጋቱ የተለመደ ነበር። መኪና ሲያጣ «በሜዳው አቋርጣለሁ» ብሎ በእግሩ ተነሣ። ርብ ሞልቶ ሩዙን ውጦ፣ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ሆኖ የከረመበት ሳምንት ነበር።

በአራተኛው ቀን አምሳል እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ ገላነሽ፣ ወንድሜ መጥቶ ነበር?»

«የለም እኅቴ። ማን ነው ወንድምሽ?»

አምሳል ደጃፉ ላይ ከቆመችበት ቁጭ አለች፤ ልብስ ሰፊው ያየህ ከጎረቤት ወጥቶ ውሃ አመጣላት።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መልክ ያዘ። አንዱ «ከሁለት ሰዎች ጋር ሲሄድ አይቸዋለሁ» አለ። ሌላው «ጠገራውን አይተውበት ነው» አለ። ታላቅ ወንድሙ አድማሴ በየገበያውና በየደጀ ሰላሙ እየቆመ ተናገረ፤ የእናቱን ጠገራ ያየ እንዲነግረው፣ ጠገራዋ ከዓይኗ ተነስታ አገጯ ድረስ የምትወርድ መስመር እንዳላት፣ በቤታቸው «አልቃሻዋ» እየተባለች እንደኖረች። ሲናገር አይጮህም። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቁጭ ይልና ቀስ ብሎ ያወራል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ጠገራዋ የተገኘችበት ሰው፣ የወንድሜ ደም ያለበት ሰው ነው።» የቀረው ነገር የሰውየው ስም ብቻ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል።

ክረምቱ ወጣ። ውሃው ከሜዳው ላይ እየሸሸ ጭቃውን ጥሎ ሄደ፣ ሩዙ ቀና አለ። ባየህ ግን አልተገኘም።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ዓይኑ መቆሚያ የሌለው ሰው ሱቋ ገባ። አንለይ ነው፤ ከርብ ወዲህ ካለው መንደር ሣር እያጨደ የሚሸጥ። እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገላነሽ ሱቅ ፊት ለፊት ሽንኩርት ስለምትዘረጋ በመልክ ታውቀዋለች።

«የአያቴ ጠገራ ነው። ትገዥኛለሽ ብየ ነው» አለና መስፉ ላይ አስቀመጠው።

ገላነሽ ገና ሳታነሳው መስመሯን አየች። ከሴትዮዋ ዓይን ተነስታ፣ በጉንጯ ወርዳ፣ አገጯ ላይ ትጠፋለች። ሳታስበው ከአፏ «አልቃሻዋ» የምትል ቃል አመለጠቻት፤ ቀስ ብላ ነበር፤ የያየህ መኪና ግን ከግድግዳው ወዲያ ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ?» አለ አንለይ።

«ምንም። ልየው።»

ጥፍሯን በመስመሯ ላይ ሳበች። ወጥቶ ወረደ። ይኸን ጊዜ ትንሽ ተነፈሰች። መስመሯ የማተሚያው ስንጥቅ ናት፤ የማተሚያው ከሆነች ደግሞ ብዙ እኅቶች አሏት። ከነዚህ እኅቶች አንዷ አባቷ ለማስተማሪያ ያስቀመጧት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመሳቢያዋ ውስጥ ኖራለች። እንግዲህ ይህ ምስኪን የያዘው ሌላኛዋ አልቃሻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ገለበጠችው።

ገላነሽ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት፣ መዶሻ በያዘች በሁለተኛ ወሯ፣ የአምሳል እናት ያን ጠገራ ማንጠልጠያ ሊያስበይዱ አምጥተውት ነበር። አባቷ ለውሃ ብለው ወጣ ሲሉ ልጅቱ ለመርዳት ብላ መዶሻውን አነሳች። ሳተች። መዶሻው የአሞራው ግራ ክንፍ ላይ አረፈና ሦስት ላባ ደፈጠጠ። አባቷ ተመልሰው ሲያዩ አልተቆጡም። ጠርዙን በሞረድ አስተካክለው፣ ወልውለው፣ «ሴትየዋ ፊት ለፊቱን ነው የሚያዩት» አሉ። ባለቤቲቱ ምንም ሳያውቁ ይዘውት ሄዱ። ይህን ከገላነሽና ከሟቹ አባቷ በቀር የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም።

አሁን ሦስቱ ላባዎች አውራ ጣቷ ሥር ነበሩ። ጥፍሯ ለጥ ያለው ቦታ ላይ ሲሄድ የገዛ እጇን ምት አወቀችው። ጫፉ ላይ የተሰበረው የማንጠልጠያ ጉቶ በድንጋይ ተፍቆ ነበር፤ ፍቀቱ ገና ያበራል።

«ማንጠልጠያ ነበረው እንዴ?»

«አላውቅም።»

«አያትህ አንገታቸው ላይ አያደርጉትም ነበር?»

አንለይ ወደ በሩ አየ። «የማትገዥኝ ከሆነ ስጭኝ፣ ልሂድ።»

ልታስቀረው አስባ ነበር፤ ግን በምን? «ዛሬ ገንዘብ የለኝም። ቅዳሜ ይዘኸው ና» አለችው። ጠገራውን አንስቶ በመሐረብ ጠቀለለና ወጣ። እሷ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ከግድግዳው ወዲያ ያየህ በስልክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ይሰማታል፤ ቃሉ ግን አይለይላትም።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር አግኝታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ላባዎቹንም አልደበቀችም። አባ ገብረ ኪዳን መቋሚያቸውን እያሻሹ ሰሟት።

«ልጁ ገድሎት ይሆን አባ?»

«እግዜር ይወቅ። ጠገራው ያለው ከማን ዘንድ እንደሆነ ነው አንች የምታውቂው። እንዴት እንደደረሰ አታውቂም።»

«አድማሴ ይኸን አይለይም።»

«አዎ፣ አይለይም። እንግዲያው ቅዳሜ ልጁ ሲመጣ እኔም እገኛለሁ። ለብቻው እናነጋግረዋለን። እስከዚያ ለማንም እንዳትተነፍሽ።»

ገላነሽ አልተነፈሰችም። ልብስ ሰፊው ያየህ ግን ረቡዕ ዕለቱኑ ተንፍሶ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ገና ሳይሞላ ከጎንደሩ መንገድ በኩል ጫጫታ ተሰማ። ገላነሽ ብቅ ስትል ሰዉ ለሁለት ሲከፈል አየች፤ መሐሉን አድማሴ ከአምስት ሰዎች ጋር እየመጣ ነው። አንለይ ከፊታቸው ነው፤ እጁ በገዛ መቀነቱ የኋሊት ታስሯል፤ ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ አገጩ ላይ ደርቋል። አምሳል ከኋላ ነጠላዋን አደግድጋ ትከተላለች። የአንለይ እናት ሽንኩርቷን ጥላ ቆመች።

አድማሴ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ጠገራዋን መስፉ ላይ አስቀመጠ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው።

«ሰውየውን ይዘነዋል። ጠገራዋንም ከእጁ አግኝተናል። አገር እንዳያማን፣ ለይተሽ ንገሪን። የእናታችን ናት ወይ?»

«ናት!» አለች አምሳል ከበሩ ላይ። «የእናቴ ናት! በሷ አንገት ላይ አይቻት ነው ያደግሁ!»

ገላነሽ ጠገራዋን አነሳች። ማገላበጥ አላስፈለጋትም። የአሞራውን ክንፍ በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። በሩ በሰው ተሞልቶ ሱቁ ጨልሟል። የያየህ ፊት ከሰዉ መሐል ታየ፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ጎንበስ አለ።

«በምን አወቃችኋት?» አለች።

«በእንባዋ» አለ አድማሴ።

መሳቢያዋን ከፈተች። የመጀመሪያዋን ጠገራ የሴትዮዋን ፊት ወደ ላይ አድርጋ መስፉ ላይ መለሰችና፣ የአባቷን አውጥታ ከጎኗ አስቀመጠች። ሁለት ሴትዮ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ከዓይናቸው እስከ አገጫቸው እያለቀሱ። ሰዉ ተንጠራራ። አንዱ «ኧረ ጉድ!» ሲል ተሰማ።

«ይቺ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ እዚህ መሳቢያ ውስጥ የኖረች ናት። መስመሯን ዳስሷት፤ ከፍ ያለች ናት። ሰው ቢጭራት ትጎደጉድ ነበር። ማተሚያው ተሰንጥቆ ነው። ያ ማተሚያ ያተመው ሁሉ ያለቅሳል፤ ስንት እንደሆነ ማንም አይቆጥረውም።»

አምሳል ገፍታ ገባችና ሁለቱን ጠገራዎች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ፊቷ ላይ የነበረው እርግጠኛነት ቀስ በቀስ ወረደ። «አንድ ናቸው» አለች፣ ለራሷ።

አድማሴ ግን ጠገራዎቹን አላየም። ገላነሽን ነበር የሚያየው። «መስመሯን ተይው። አንች ጠገራ ታውቂያለሽ። ሌላ ምልክት አይተሻል ወይ? ይቺ የእናቴ ናት ወይስ አይደለችም?»

ገላነሽ በሠላሳ ሦስት ዓመት የሥራ ዘመኗ ጠገራ ይዛ ከአፏ አውጥታ የማታውቀውን ቃል ያን ቀን ተናገረች።

«አላውቅም።»

የሆነ ሰው «ለሕግ እንስጠው» አለ፤ ሌላው በምሬት ሳቀ። ከኋላ መቋሚያ መሬት ሲመታ ተሰማና ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ አባ ገብረ ኪዳን ነበሩ፤ አረፋፍደው ደርሰው ከደጅ ሆነው ሰምተዋል።

«አድማሴ ልጄ፣ ባልተጣራ ነገር ደም አታፍስ። ልጁን ለኔ ስጠኝ። ጠገራይቱም እኔ ዘንድ ትቆይ። ጉዳዩ እስኪለይ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ቢጠፋ እኔን ጠይቀኝ።»

አድማሴ የአንለይን መቀነት ራሱ ፈታው፤ ሲፈታም ጆሮው ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረው። ምን እንዳለው የሰማ የለም፤ ካህኑ አንለይን በክንዱ ይዘው ወጡ፣ ገላነሽም ተከተለቻቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሰው ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ገላነሽ ጠገራዋን ገልብጣ ለአንለይ አሳየችው።

«እኒህን ላባዎች አየህ? በልጅነቴ የደፈጠጥኋቸው እኔ ነኝ። ጠገራዋ የባየህ እንደሆነች ረቡዕ ዕለት አውቄያለሁ። ዛሬ ላንተ ብየ ዋሽቻለሁ። አሁን አንተ እውነቱን ንገረኝ።»

አንለይ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማልቀስ ጀመረ፤ ቀጥሎ ተናገረ። ውሃው በሸሸ በሁለተኛው ሳምንት ሣር ሊያጭድ ርብ ዳር ወርዶ ነበር። ጎርፉ ያጋደመው ሾላ ሥር ጋቢ ተጠላልፎ አየ። ሲስበው ከበደው። ከጭቃው ውስጥ እጅ ወጣ።

«ሸሸሁ አባ። ትንሽ ሮጬ ቆምሁ። ሬሳ አገኘሁ ብል አንተ ነህ የገደልኸው ይሉኛል አልሁ። ወንድምየው በየገበያው ሲናገር ሰምቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?» አሉ አባ ገብረ ኪዳን።

«ተመለስሁ። የጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ነበር። በማጭዴ ቆርጬ ወሰድሁት።»

«ሰውየውንስ?»

«ተውሁት።»

ገላነሽ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሰበችው፣ አንለይ ወይ ነፍሰ ገዳይ ወይ ንጹሕ እንደሚሆን ነበር። ይኸን አላሰበችም። የአንድ ሰው እኅት እስከ ጉልበቷ በጭቃ እየዞረች ስትጠይቅ፣ ይህ ሰው የሟቹን ቦታ እያወቀ፣ ቋጠሮውን ብቻ ቆርጦ፣ ዕለት ዕለት በዚያው ሜዳ ሣር ሲያጭድ ከርሟል። ልትመታው እጇ ተነሳ፤ ነገር ግን መልሳ አወረደችው።

በማግሥቱ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ሦስቱ ከሰበካው አራት ሽማግሌዎችና ከአንድ ፖሊስ ጋር ወደ ርብ ወረዱ። ሜዳው ያለ ንፋስ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሩዙ አይነቃነቅም፤ ከብቶቹ እንኳ ከዚያ ዳርቻ ርቀው ይግጣሉ። ከሾላው በላይ አሞሮች ዝቅ ብለው ይዞራሉ። አንለይ ከሩቅ ቆሞ በጣቱ አመለከተ፤ አልቀረበም። ባየህን ከሥሩ አውጥተው በሸማ ሲጠቀልሉት ገላነሽ ፊቷን አላዞረችም። አንገቱና የራስ ቅሉ ደህና ነበር፣ የካኒቴራው ደረት ኪስ በቁልፍ እንደተዘጋ ነበር፤ ለሽንኩርት ዘር ያሰበው ገንዘብ ውሃ ጠጥቶ ተጣብቆ ከውስጡ ወጣ። የጋቢው አንድ ጫፍ ብቻ ተቆርጧል። ፖሊሱ ጽፎ ጨረሰና «የወሰደው ወንዙ ነው» አለ።

ባየህ ይፋግ ተቀበረ። ጠገራዋን አባ ገብረ ኪዳን ለአምሳል በእጃቸው ሰጧት። ከተገኘበት ቦታ በቀር ማን እንዳገኘው፣ ቋጠሮውን ማን እንደቆረጠው እሳቸውም ሽማግሌዎቹም አልተናገሩም። አንለይ ከቀብሩ ማግሥት ማንንም ሳይሰናበት በጎንደር መኪና ወጣ፤ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ገባ ተባለ።

ገላነሽ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ለአርባው ይፋግ ስትሄድ አምሳልን ለብቻዋ ወሰደችና ስለ ላባዎቹ ነገረቻት፤ በልጅነቷ እንዴት እንደሳተች፣ ቅዳሜ ዕለትም እንዴት እንደዋሸች። አምሳል ጠገራዋን ከአንገቷ አዙራ ክንፉን በጣቷ ዳሰሰችና «እናቴ ይኸን አላየችም» አለች። አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ ግን ገላነሽን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሳምንት ሳይቆይ፣ ከቀትር በኋላ፣ አድማሴ ብቻውን ሱቁ ገባ። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ ደንበኞች የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ከግድግዳው ወዲያ የያየህ መኪና ፀጥ አለ።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር አሉኝ።»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

«አላውቅም አልሽኝ።»

«አልሁህ።»

አድማሴ መስፉን ብዙ አየው። «ብትነግሪኝ እገድለው ነበር።»

«ይኸን ስለማውቅ ነው ያልነገርሁህ።»

«ወንድሜን አልገደለውም» አለ፤ ለሷ ይናገር ለራሱ አልለየላትም። «ወንድሜን ገፎ አሞራ እንዲበላው ትቶታል። ይኸ ምን ይባላል? ሕግ ለዚህ ስንት ይፈርዳል?»

ገላነሽ ይቅር በለው ልትል ፈለገች፤ ይቅርታው ግን የሷ አልነበረም።

«የት ነው ያለ?» አለ አድማሴ።

«አላውቅም።»

አሁንስ እውነቷን ነው፤ መተማ ሰፊ ነው። አድማሴ ግን ፊቷን ትክ ብሎ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ያችንም ቀን እንዲሁ ነው ያልሽው።» ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። ከመገናኛው ላይ የጎንደር መኪና ውስጥ ሲገባ በዓይኗ ተከተለችው። ወደ ይፋግም የሚወስደው ያው መንገድ ነው፤ ወደ መተማም የሚወስደው ያው መንገድ ነው።

ያን ቀን ይፋግ ላይ ከመኪናው አልወረደም። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ገባ፤ የት እንደነበር እኅቱ ጠየቀችው፣ አልነገራትም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እንዲሁ ጠፍቶ ተመልሷል።

የአንለይ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርቷን ትዘረጋለች። ገላነሽ መዶሻዋን አስቀምጣ መንገዱን ትሻገራለች፤ የማትፈልገውን አንድ ኪሎ ትገዛና እንደ ዘበት ትጠይቃታለች።

«ልጅሽ ደወለ?»

«ደወለ፣ ትናንትና። ደህና ነኝ አለኝ።»

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህንኑ ነው የመለሰችላት።